ሦስት ጣት ጨርቅ

ሰኞ 3

ጉሮሮ እግሩን ሰበረ።

ታሪክ እንዳይጠፋ ዝርዝሩን ላስፍር። ጉሮሮ የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ካውያ ቤት የምትሠራ፣ ከካውያዋ እንፋሎት የአፏ የሚብስ ሴት ናት። ጉሮሮ ያለችው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ነው። «እህህም።» ያኔ ያ ሁሉ ሰፊ አንገቱን ወደ መኪናው ይደፋል፤ የተጀመረ ቀልድ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ እኔም ቆራጩ መቀሴን አነሳለሁ። ነገሥታት በሰይፍ ገዙ፤ እሱ በአክታ ገዛን።

ዛሬ «ወለሉ ላይ የክር ማጠንጠኛ አትጣሉ» እያለ ሲቆጣ ማጠንጠኛ ረግጦ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ ብቻ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ምናልባት አልቅሳ ይሆናል።

ማክሰኞ 4፣ ማታ

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «ጉሮሮው... ማለቴ ተቆጣጣሪው እስኪሻለው ቦታውን ትይዛለህ» አለኝና ከምስማር ላይ ሰማያዊውን ጋዋን አውርዶ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ስለ ጋዋኑ ክብር ጥቂት ማለት ይገባል። የምንሰፋው የደንብ ልብስ ነው። ማለትም የሰውን ማዕረግ በሜትር እየለካን የምንሸጥ ሰዎች ነን። ጨርቁ አንድ፣ ክሩ አንድ። ደረቱ ላይ ኪስ ስትጨምርለት ሾፌር ይሆናል፤ ኪሱን ስትነሳው አስተናጋጅ። ትከሻው ላይ ሦስት ጣት ስፋት ያላት ጨርቅ በቁልፍ ብትይዝለት ደግሞ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ይህን የምናውቅ እኛ ራሳችን የምንለብሰው ግራጫ ሽርጥ ነው። ሽርጥ የሚሸፍነው ከፊት ብቻ ነው፤ ባለ ሽርጥ ሰው ከኋላው ሲታይ ማንም ነው። ጋዋን ግን ዙሪያውን ይሸፍናል።

«እጅጌው አጠረኝ» አልኩ።

«ግድ የለም፤ ጋዋኑ የቦታው ነው፣ የሰው አይደለም» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ኪሱ ውስጥ የጉሮሮ ማበጠሪያ አገኘሁ። ጉሮሮ መላጣ ነው።

ቤት ስደርስ እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ልጄ ዛሬ ሰው ሆነ» አለች። እስከ ዛሬ ምን እንደነበርኩ አልጠየቅኳትም። ባለቤቴ ግን (እሷም እዚያው ፋብሪካ ሰፊ ናት፣ መስኮቱ ሥር የመጀመሪያዋ መኪና የእሷ ናት) «ና እስቲ፣ ዙር» አለችኝ። ዞርኩ። «ከኋላ ቁርጥ ጉሮሮን ነው የምትመስለው» አለችና ተንከትክታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እናቴ «የሹመት ልብስ አይሳቅበትም» ብላ ተቆጣች፤ ይህን ስትል የባሰ ሳቅን።

ለራሴ ወስኛለሁ፦ ይህን ጋዋን እንደ ቀልድ ነው የምለብሰው።

ረቡዕ 5

ስገባ ብድግ አሉ። ትናንት «አንተ ሰውዬ፣ መቀሱን አቀብለኝ» ስትለኝ የነበረች ሴት ሳትቀር ብድግ አለች። «ኧረ በናታችሁ ተቀመጡ» አልኩ። አልተቀመጡም። ድምፄን ወፈር አድርጌ ስደግመው ተቀመጡ። የበግ መንጋ ከዚህ የተሻለ ያመነታል። ምን ያህል ናቅኳቸው!

የተነሣችው ሁሉ እኔን አላየችም፤ ጋዋኑን ነው። ባለቤቴ አልተነሣችም። ጠቀሰችኝ።

ሐሙስ 6

ዛሬም ተነሡ። ቁልፍ የምትተክለዋ ብቻ ዘገየች። ጉልበቷን ያማት ይሆናል። ወይም ሌላ ነገር ነው።

ባለቤቴ አሁንም አልተነሣችም። መነሣት አለባት እያልኩ አይደለም። ሌሎቹ እንዳያዩ ብዬ ነው።

ዓርብ 7፣ ምሳ ሰዓት

ጥድፊያ። ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ገብቷል። አንዱ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ጃኬት፤ አንዱ የአንድ ትልቅ መደብር ጥበቃዎች ጃኬት። ጨርቁ አንድ ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ገዢው ክፍል ቅናሽ አግኝቶ። ልዩነታቸው ትከሻቸው ብቻ ነው፦ የጥበቃዎቹ ሦስት ጣት አለው፣ የጽዳቶቹ ባዶ ነው።

የተቆረጠውን ጥቅል ለሰፊዎቹ የሚያድለው ሁልጊዜ ቆራጭ ነበር፤ ማለትም እኔ በሽርጥ ዘመኔ። ከዛሬ ጀምሮ በጋዋኔ ራሴ አድላለሁ። የሚሰጥ እጅ ከላይ ሲሆን ያምራል።

ቅዳሜ 8

የጨርቅ ብናኝ ጉሮሮዬን እያስቸገረኝ ነው። በተለይ በር ላይ።

ሰኞ 10፣ ማታ

ዛሬ የጽዳቶቹን ጃኬት ጀመርን። የአሠራራችንን ጥበብ ለማያውቅ ላስረዳ (ይህን ደብተር ማን እንደሚያነበው አላውቅም፤ ግን አስረዳለሁ)። አዲስ ልብስ ሲጀመር የመጀመሪያውን የምትሰፋው ባለቤቴ ናት፤ እጇ ቀጥ ያለ ስለሆነ። የሰፋችው ከመኪናዎቹ በላይ በተወጠረው ሽቦ ላይ ይሰቀላል፤ ሌሎቹ እሱን እያዩ ይሰፋሉ። ያ ናሙና ይባላል። ሽቦው ላይ የወጣ ነገር አይጠየቅም፤ እጅጌ በአንገት ቢገባ እንኳ እንደዚያው ይሰፋል። እያንዳንዷ ሰፊ ደግሞ ስፌቷን የምትቋጭበት የራሷ ቀለም ክር አላት፤ የባለቤቴ ቀይ ነው። ሴቶቹ ይህን የፈጠሩት የእጃቸውን ሥራ ለመለየት፣ ለኩራት ነበር። አለቆች ሲሰሙ ወደዱት፤ ጥፋተኛ ለመያዝ። ሰው ጌጥ ብሎ ያሠረውን አለቃ ገመድ አድርጎ ይስበዋል።

ወደ ዋናው ነገር። በሥራ መሐል አንዲት ሠራተኛ ተነሥታ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ መሆኗ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም። ስለ ትከሻ የሆነ ነገር ነው፤ መኪናው ይጮህ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም። የሆነ ሆኖ ክፍሉ በሙሉ መኪናውን አቁሞ ይሰማ ነበር።

(ከላይ «መኪናው ይጮህ ነበር» ብያለሁ። አንዱ አልቆመም ነበር።)

አንድ ተቆጣጣሪ ሚስቱ ስታርመው ቢታይ ማን ያከብረዋል? እነሱን ነው የማስበው። ሥርዓት ለእነሱ ነው የሚጠቅመው። «የተሰጠሽን ስፊ፤ እዚህ ቤት አይደለም» አልኳት። በጨዋነት ነው ያልኳት። ሬዲዮ ከካውያ ቤት በር ላይ «ውይ» ስትል ሰማሁ፤ ምናልባት ካውያው ፈጅቷት ይሆናል።

ባለቤቴ ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ «እሺ ጌታዬ፣ እንዳሉት» ብላ ተቀመጠች።

እንዳሉት።

ማክሰኞ 11

ቤትም «እርስዎ» ነው የምትለኝ። «እራት ይቅረብልዎ?» «ፎጣዎ እዚያ ነው።» «ትራስዎ ተጣሞብዎታል።»

እናቴ ደስ ብሏታል። «ይኸው ነው ወጉ! አባትህን ዕድሜ ልኬን አንቱ ብዬ ነው የኖርኩት» አለች። ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች፤ «እሳቸውም የሚገባቸው ሰው ነበሩ» አለች። አባቴ በሕይወት ዘመኑ አንዲት ምስማር በቀጥታ መትቶ አያውቅም።

በሕግ ደረጃ ልከሳት አልችልም። መከበርን ማን ስድብ ነው ይላል?

ዓርብ 14

ሁለቱም ትእዛዝ ተጭኖ ሄደ። የተረፈ ቁርጥራጭ የለም፤ አንድም። ሥራ አስኪያጁ «ጉሮሮ እንኳ እንዲህ አያደርሰውም» አለኝ። በልቤ ይህን ሰውዬ ናቅኩት፤ ሙገሳውን ግን ለእናቴ ነገርኳት።

ሰኞ 17

መደብሩ ደወለ።

ጥበቃዎቹ ጃኬታቸው ትከሻው ባዶ ነው። የሰው ልጅ ዕፁብ ድንቅ ነው፤ በሁለት ቀን አወቀው። ደንበኞች ቦርሳ አናስፈትሽም ይላሉ። አንዷ ወይዘሮ አንዱን ግዙፍ ጥበቃ፣ በሩን የሚያህል ሰው፣ «ስማ፣ መጥረጊያህን የት ጥለህ ነው እዚህ የቆምከው? እዚያ ጋ ወተት ፈስሷል» ብላዋለች። በጣም የገረመኝ ሄዶ ወተቱን መጥረጉ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደወለ። የእነሱ ጽዳቶች ደግሞ ትከሻቸው ላይ ሦስት ጣት ጨርቅ በቁልፍ ተይዞ ደርሷቸዋል። አስታማሚዎች ወንበር ይለቁላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ባልዲ የያዘችውን ይዘው ስለ ጨጓራቸው ግማሽ ሰዓት ነግረዋታል፤ «ቅባት ይቀንሱ» ብላ አሰናብታቸዋለች። ሽማግሌው ተሽሏቸዋል ይባላል።

ሥራ አስኪያጁ ሽቦው ላይ የተሰቀለውን ናሙና አውርዶ ይዞት ሄደ። የትከሻውን ስፌት ሲገለብጥ ከጀርባው ቆሜ አየሁ። ቀይ ቋጠሮ።

ማክሰኞ 18

አልተኛሁም። ለምን እንዳልተኛሁ አላውቅም፤ እኔ ቋጠሮ የለኝም። ቆራጭ ምልክት አይተውም። ጥቅል የሚያድልም አይተውም።

ጠዋት ለባለቤቴ «ነገ ይጠሩሻል፤ አትፍሪ፣ እኔም አለሁ» አልኳት።

«እሱን አይቻለሁ፤ ጋዋንዎን ተኩሻለሁ» አለችኝ።

ረቡዕ 19፣ ማታ

የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚባለው ሦስት ሰው ነው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው፣ የክፍሉ ተቆጣጣሪ። ሦስተኛው ወንበር የጉሮሮ ነበር። አሁን የጋዋኑ ነው። እኔ ሄጄ የተቀመጥኩት ጋዋኑ ስለሚቀመጥ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሲጀምር «የተከሳሿ ባል መሆንህን እናውቃለን፤ ስለዚህ ገለልተኛነትህን ከወዲሁ እናደንቃለን» አለኝ። እንዲህ አድርገው ነው ሰውን የሚያስሩት። መጀመሪያ ያደንቁሃል።

ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይቺ ቋጠሮ የማን ናት?»

«የእኔ።»

«ለጽዳት ልብስ የትከሻ ማዕረግ ስፊ ያለሽ ማን ነው?»

ባለቤቴ እሱን አላየችውም። እኔን አየችኝ። በቁጣ አይደለም፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገባ እንደምታየው ነው። አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ። ገብቶ እንደሆነ ለማየት።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የምናገር መስሏቸው ነው። የጨርቅ ብናኝ ነበር።

«ማንም አላለኝም» አለች ባለቤቴ።

«ታዲያ አጠገብሽ ተቆጣጣሪ እያለ ለምን አትጠይቂም? ሠራተኛ መጠየቅ አለበት» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ጠባዬ ነው» አለች። «አልጠይቅም።»

ድምፅ ተሰጠ። እጄን አወጣሁ የሚለው የተጋነነ ነው፤ ክርኔ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እጄ ብቻ ነው የቀናው። ሁለቱ በቂ ነበሩ፤ የእኔ ለሥርዓቱ ያህል ነው። ከሥራ ተሰናበተች። ስትወጣ ሽርጧን አጥፋ፣ አራት ማዕዘኑን አስተካክላ፣ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

እነዚያ ሁለቱ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አንዲት ሴት ይህን ያህል ዘመን ከሰፋችላቸው በኋላ አንዱ እንኳ «ቆይ፣ እስቲ እናጣራ» አይልም? በሕይወቴ እንዲህ ያሉ ፈሪዎች አላየሁም።

ሐሙስ 20

ሳልረሳ ላስፍር። ስገባ ማንም አልተነሣም። መኪኖቹ ይጮሁ ስለነበር አልሰሙኝ ይሆናል። ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ቅዳሜ 22

እናቴ ሰማች። የፈረደችው እንዲህ ነው፦ «ሴት ልጅ ሥራ ብትለቅ ምን አለበት? ቤቷን ታይ።» ባለቤቴ ቤቷን አየች። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ቤቱን አየችው፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ እኔን። ወደ ማታ ከአልጋ ሥር የድሮ የእጅ ስፌት መኪናዋን አውጥታ ዘይት አጠጣቻት።

ማክሰኞ 25

ዓለም ተገለበጠ። ሆስፒታሉ ጃኬቱን አልመልስም አለ።

የመጣችው የጽዳቶቹ አለቃ ናት፤ አጭር፣ ደረቷን ነፋ ያደረገች ሴት። በጃኬቷ እንዳለች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች፤ ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። አየሁት በዓይኔ። የራሱ ፋብሪካ የሰፋው ጨርቅ መሆኑን እያወቀ ተነሣ።

«ወለል አጥበን ሳይደርቅ የሚረግጠን ሐኪም ስንት ነበር መሰልዎት» አለችው። «አሁን ጥግ ላይ ቆሞ ‹ይቻላል?› ይለኛል። እኔም ‹ቆይ› እለዋለሁ። ወለሉ ደርቆም እንኳ አስቆየዋለሁ። ጃኬቱን ከፈለጉ መጥተው ከትከሻችን ያውልቁት።»

እሷ እንደወጣች ሥራ አስኪያጁ ቀናውን ሐሳብ ወለደ። ስሕተት አልነበረም፤ አዲስ ንድፍ ነው። ሌሎች ሆስፒታሎችም ይፈልጉታል። «ናሙናውን የሰፋችው ማን ነበረች?» አለኝ፣ ከስድስት ቀን በፊት ያባረራትን። ከዚያ ትዝ ሲለው «አሃ፣ ያንተዋ! ሂድና አምጣት።»

አምጣት። እንደ ክር ጥቅል።

ማክሰኞ 25፣ ማታ

ነገርኳት። ልብስ እየጠቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ራስዎ ነው የመጡት ወይስ ተልከው?»

«ቤቴ ነው እኮ።»

«እሱማ ነው።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እመለሳለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ። እዚያው ቢሮ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ስፊ ያለኝ ማን እንደሆነ ይነገር። እኔ አልናገርም፤ እኔማ ለመናገር አፍ ነበረኝ።»

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?»

«ባሌን በሰው ፊት ላዋርደው?» አለች። «እናትዎ ምን ይሉኛል? ሰፈሩስ? ‹ባሏን የሸጠች› ይላሉ። ሚስቱን የሸጠ ሲሆን ግን ‹ገለልተኛ› ነው የሚሉት።»

እንቅልፍ ሲወስዳት በደንብ አሰብኩበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መቀስ ለያዘ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይከብዳል? ነገ እናገራለሁ።

ረቡዕ 26

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይዞ ነበር። ሰውን ስልክ ላይ ማስጨነቅ ነውር ነው። «ታማለች» አልኩት።

ዓርብ 28

ይህ ሥራ አስኪያጅ በጎ ሲያደርግም ያበላሻል። የታመመችን ሠራተኛ ጠይቂ ብሎ ሬዲዮን ብርቱካን አስይዞ ቤቴ ልኳል።

ሬዲዮ ስትደርስ «በሽተኛዋ» ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትለካ ነበር። ብርቱካኑን አብረው በሉት። እኔ ስገባ ልጣጩ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ የሁለቱም ዓይን በሳቅ እንባ ርሷል።

ሬዲዮ ሻሿን እያሰረች በሩ ጋ ጠጋ አለችኝ። «ወንድሜ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ነው የምናውቀው። አህያዋ ባሏን ከጅብ ስታስጥለው ያየነው ባንተ ነው።»

«አንቺስ ያን ቀን ሰምተሽ አልነበር? ለምን ሄደሽ አልመሰከርሽም?» አልኳት።

«እሷ እጄን ይዛ ለመነችኝ፤ ‹እሱ ራሱ ይናገራል፣ ተዪው› አለችኝ። አሁንም ቆመን እየጠበቅን ነው። እግራችንን አመመን።»

ይቺ ሴት አፏ ክፉ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነች።

ሰኞ 1

ጉሮሮ በምርኩዝ ተመለሰ። ከደረጃው ሥር ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው ያወቅኩት፤ «እህህም»፤ ክፍሉ በሙሉ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ጋዋኑን እንደለበስኩ። አሥር ጣቶቼ ቁልፎቹን ይፈቱ ነበር፣ ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም።

ጋዋኑን ስሰጠው ኪሱን ዳሰሰ። «ማበጠሪያዬስ?»

ሰጠሁት። መላጣ ራሱን አንድ ጊዜ አበጠረና ወደ ሥራው ገባ።

ሽርጤን ሳስር ጀርባዬን በረደኝ። ሬዲዮ ስታልፍ «ጉሮሮህ ተሻለው?» አለችኝ። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል ብናኙን።

ረቡዕ 3

አሁን ባለ ሽርጥ ስለሆንኩ ለሥራ አስኪያጁ መንገር ምን ዋጋ አለው? የአንድ ቆራጭ ቃል ነው። ተቆጣጣሪ ሳለሁ ደግሞ ሥርዓት ይፈርስ ነበር። ለሁሉም ጊዜ አለው የሚሉት ውሸት ነው፤ ለአንዳንድ ነገር ጊዜው መቼም አይገኝም።

ራሴን አልወቅስም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

እሑድ 7

ሳሎኔ ጠፋ። በሱ ቦታ ስፌት ቤት ተከፍቷል።

የሆስፒታሉ ጽዳቶች ጃኬት ሊያስጠብቡ፣ ሊያሳጥሩ መጡ፤ ከዚያ የሌላ ሆስፒታል ጽዳቶች «እንደነሱ ስፊልን» ብለው መጡ። ፋብሪካውን አልፈው እሷ ጋ። እናቴ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ቤቷን ታይ ያለች እናቴ! «ባለሙያዋ ሥራ ላይ ናቸው፣ ተራ ይዛችሁ ጠብቁ» ትላለች። ናቸው። ምራቷን አንቱ አለቻት። ሰውን መናቅ እንዲህ የሚያደክም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ከራሴ ቤት ሳልወጣ እንኳ አልጨርሳቸውም።

ቅዳሜ 13

ባለቤቴ «ቆራጭ ቸግሮኛል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ግድግዳው ዝም ሲል መቀሴን አመጣሁ።

ቅዳሜ 20

ይህን ገና ብርሃን ሳለ ነው የምጽፈው፣ መቀሱ ከእጄ ሳይበርድ።

ዛሬ ያቺ የጽዳቶች አለቃ መጣች። አሁን ሳሎን ስትገባ ከሷ በታች ያሉት ሴቶች ብድግ ይላሉ። ተራ አልያዘችም። ከመካከላቸው አንዷ ወንበር ሳትለቅላት ስለዘገየች «አንቺ፣ እግርሽን ሐኪም ነው ያሰረው?» አለቻት። ባለፈው ወር መጀመሪያ ሐኪም የሚረግጣት ሴት! ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፦ «ይኸውልሽ እህቴ፣ ትከሻችን ሁሉም ሦስት ጣት ሆነ። ማን አለቃ፣ ማን ተራ እንደሆነ አይለይም። የእኔን አራት ጣት አድርጊልኝ። የነሱን ደግሞ፣ ጨርቅ ለመቆጠብ ያህል፣ ሁለት።»

«እሺ፣ ተቀመጪ» አለቻት ባለቤቴ።

ጨርቁን ዘረጋሁ። ሳሙናዬን አንሥቼ መስመር ማስመር ስጀምር ባለቤቴ ሳትዞር «ሁሉንም ሦስት ጣት ይቁረጡ» አለች።

ሳሎኑ ሙሉ ነው። አለቃዋ ቁጭ ብላለች፤ ስድስት ሴቶች ቆመዋል፤ እናቴ በሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች። እኔ ዓለም እንዴት እንደሚሠራ የማውቅ ሰው ነኝ፤ አንድ ጣት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ለእሷው ብዬ ነው፤ ደንበኛ እንዳትሸሽባት። ተነሥቼ፣ ቀስ ብዬ፣ ግን ሁሉም በሰማው ድምፅ፣ «አለቃዋ እኮ አራት ነው ያሉት፤ ሦስት ነው ያልሽው፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን?» አልኳት።

ባለቤቴ መኪናዋን አቆመች። ዞራ አየችኝ፤ አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። ከዚያ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንተ አለችኝ።

«የተሰጠህን ቁረጥ» አለች። «እዚህ ፋብሪካ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ጉሮሮዬ ውስጥ ብናኝ ነበር። ዋጥኩት፤ ቆረጥኩ። ሁሉንም፣ ሦስት ጣት።